ደሴትና ፏፏቴ በአንድ ቀን፦ ከቦሌ ወደ ጣናና ጢስ ዓባይ

በኢትዮጵያ ደሴትና ፏፏቴ በአንድ ቀን ተጎብኝተው የሚመሹበት ቦታ ቢፈለግ ከባሕር ዳር የሚስተካከል አይገኝም። ጣና ሐይቅ 37 ደሴቶች እንዳሉት ይነገራል፤ ሃያ በሚሆኑት ላይ ቤተ ክርስቲያን ወይም ገዳም አለ። ከሐይቁ ደቡባዊ ዳር የሚወጣው ዓባይ ደግሞ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ጢስ ዓባይ ላይ ከገደል ይወረወራል። ጠዋት ጀልባውን የተሸከመው ሐይቅና ከሰዓት በኋላ ገደል የሚወርደው ወንዝ አንድ ውኃ ናቸው። ቀኑን የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም ይኸው ውኃ ነው፤ በየትኛው ወር፣ በስንት ሰዓትና በማን ቁጥጥር ሥር ሆኖ እንደሚገኝ ያላወቀ ተጓዥ ሐይቁን በማዕበል፣ ፏፏቴውን በድርቅ ሊያገኘው ይችላል።

ጣና በካርታ ላይ ሲታይ በሐሩር ክልል ውስጥ ነው። ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ላይ መገኘቱ ብቻ ቢታይ ሙቀቱ የሚያነድ በሆነ ነበር፤ ነገር ግን ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተንጣለለ በመሆኑ አየሩ ወይና ደጋ ነው። ዘንባባና ፓፓያ ይበቅልበታል፣ ማታ ማታ ግን ሹራብ ያስፈልጋል። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ጥልቀቱ ግን በጣም ጥቂት ነው። ጥልቅ በሚባለው ስፍራ እንኳ ከ15 ሜትር እምብዛም አያልፍም። ይህን ያህል ሰፊ ሆኖ ይህን ያህል ጥልቀት የሌለው ውኃ ትንሽ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይናወጣል፤ የጀልባ ጉዞ ሁልጊዜ ጠዋት እንዲሆን የሚመከረውም ለዚህ ነው።

ሐይቁም ፏፏቴውም የእሳተ ገሞራ ሥራ ናቸው። ከምድር የፈለቀ ቅልጥ ዐለት በደቡብ በኩል የወንዙን መውጫ ዘጋው፤ ከኋላው ውኃ ተጠራቅሞ ጣና ሆነ፤ ሞልቶ የፈሰሰውም በዚያው ዐለት ጠርዝ ላይ ቁልቁል ወረደ። ከሐይቁ ወለል የተወሰደ ደለል ያጠኑ ተመራማሪዎች ጣና በአንድ ወቅት ጨርሶ ደርቆ እንደነበርና ከ15,000 ዓመት ገደማ በፊት እንደገና መሙላቱን አረጋግጠዋል። ከዚያ ወዲህ ፏፏቴው እንደ ግንብ ሆኖ ከታች ያሉ ዓሦች ወደ ላይ እንዳይወጡ ከለከለ። በሐይቁ ተዘግተው የቀሩት ነጭ ዓሦች እየተለያዩ ሄደው ዛሬ በዓለም ላይ በሌላ ቦታ የማይገኙ 15 ያህል ዝርያዎች ሆነዋል። በሳይንሱ ዓለም ጣና ከገዳማቱ ባልተናነሰ የሚታወቀው በእነዚህ ዓሦች ነው፤ በአገር ቤት ግን ስለ እነርሱ የሚያወራ ሰው ጥቂት ነው።

ለምሥራቅ አዲስ አበባ ነዋሪ ይህ ጉዞ ከሚመስለው በላይ ቅርብ ነው። በመኪና ባሕር ዳር ለመድረስ ከገርጂ፣ ከሲኤምሲ፣ ከሰሚት ወይም ከአያት የሚነሳ ሰው መጀመሪያ ከተማዋን አቋርጦ በእንጦጦ ወደ ሱሉልታ መውጣት፣ ከዚያ በጎሐ ጽዮን የዓባይን በረሃ ወርዶ በደጀን መውጣትና በደብረ ማርቆስ በኩል በድምሩ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት አለበት፤ ይህ ሙሉ ቀን ይወስዳል። ቦሌ አየር ማረፊያ ግን ደጁ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ከአያት የተነሳ መኪና በቀን ሰዓቱ የሚያስጨንቀውን የመገናኛን መጨናነቅ ሳያገኝ ይደርሳል፤ በረራው ራሱ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ማልዶ መነሳት የሚከብደው ሰው የሐይቁን ምርጥ ሰዓት ያጣል፤ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ባሕር ዳር የደረሰ ተጓዥ ጀልባ ላይ ሲወጣ ረፍዶበታል።

አውሮፕላኑ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲያመራ ሰማዩ ጥርት ካለ የዓባይ ሸለቆ በመስኮት ይታያል። ከጥቂት በኋላ የጎጃም ማሳዎች በካሬ በካሬ ተሸንሽነው ይመጣሉ፤ በመስከረምና በጥቅምት ጤፉ አረንጓዴ፣ ኑጉ ቢጫ ነው። አየር ማረፊያው በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ስም የተሰየመ ሲሆን ከከተማው የሚርቀው የጥቂት ደቂቃዎች መንገድ ነው። ባሕር ዳር ዛሬ ያላትን ሰፋፊና ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አንድ ጀርመናዊ የከተማ ፕላን ባለሙያ፣ ማክስ ጉተር፣ ባዘጋጀው ማስተር ፕላን ነው። በዘንባባ የተሰለፉት መንገዶች ወደ ሐይቁ ዳር ያደርሳሉ፤ የጀልባ ማኅበራቱ ማረፊያዎችም እዚያው ናቸው።

ጀልባ የሚከራየው በአብዛኛው በሰው ሳይሆን በጀልባ ነው። ስለዚህ ብቻውን የመጣም ስድስት ሆኖ የመጣም ተመሳሳይ ሊከፍል ይችላል፤ ብቸኛ ተጓዥ ከሌሎች ጋር ቢዳበል ይጠቀማል። ዋጋው፣ የሚኬድበት ቦታና ጀልባው ባለበት የሚጠብቅበት ሰዓት ከመሳፈር በፊት መነገር አለበት፤ ውኃ ላይ ከወጡ በኋላ የሚደረግ ድርድር ለተጓዡ አይመችም። የገዳማቱ የመግቢያ ክፍያ ደግሞ ለብቻው፣ በየቦታው የሚከፈል ነው። የሕይወት አድን ጃኬት ሳያለብስ የሚነሳ ባለ ጀልባ ቢኖር ጠይቆ መልበስ ነው፤ ሐይቁ ጠዋት እንደ መስታወት መሆኑ ማንንም ሊያዘናጋ አይገባም።

ከባሕር ዳር በግማሽ ሰዓት የሚደረስባት ክብራን ገብርኤል ናት። ትንሽ፣ ክብ፣ በደን የተሸፈነች ደሴት ስትሆን ገዳሟ በ14ኛው ክፍለ ዘመን በአቡነ ዘዮሐንስ እንደተመሠረተ ይነገራል። አሁን ያለው ቤተ ክርስቲያን በአፄ ኢያሱ ቀዳማዊ ዘመን የታደሰ ነው። የክብራን ዝና ይበልጥ በመጻሕፍቷ ነው፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ የተጻፈውና በቀለም ሥዕሎች ያሸበረቀው ወንጌሏ የኢትዮጵያን የብራና ጥበብ የሚያጠና ሁሉ የሚጠቅሰው ነው። ነገር ግን ክብራን የወንዶች ገዳም በመሆኗ ሴቶች አይገቡባትም። ከአጠገቧ ያለችው እንጦስ ኢየሱስ ግን ሁለቱንም ትቀበላለች፤ ቤተሰብ ይዞ የመጣ ሰው የሚለያየው አንዳንድ ጊዜ በዚህች አጭር ውኃ ላይ ነው፤ አባት ወደ ክብራን፣ እናትና ሴቶች ልጆች ወደ እንጦስ። ደግነቱ ጀልባው ለሁለቱም ይበቃል።

ለአንድ ቀን ጉዞ ከሁሉ የሚሻለው ግን ዘጌ ነው። ዘጌ በትክክል ደሴት አይደለም፣ ወደ ሐይቁ የገባ ልሳነ ምድር ነው፤ ሆኖም በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ተጉዞ ለሚደርስ ሰው ከደሴት የሚለየው ነገር የለም። መንገደኛው ከጀልባ ወርዶ የሚገባው ቡና ውስጥ ነው። የዘጌ ቡና በጥላ ዛፍ ሥር በደን መልክ የሚበቅል ሲሆን ጌሾና ሎሚም አብረውት አሉ። በአካባቢው ትውፊት መሠረት የዘጌን ምድር በበሬ ማረስ የተከለከለ ነው፤ ክልከላውም ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር ይያያዛል። ለቡናው አመጣጥም የሚነገረው ከእኒሁ አባት በትር ጋር የተያያዘ ታሪክ ነው። ትውፊቱን የተቀበለም ያልተቀበለም ውጤቱን በዓይኑ ያየዋል፦ በጣና ዙሪያ ያለው መሬት ታርሶ ሲራቆት ዘጌ እስከ ዛሬ ደን ሆኖ ቆይቷል። ማረሻ የማይነካው መሬት አፈሩ አይታጠብም።

ከማረፊያው እስከ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው የእግር መንገድ ሃያ ደቂቃ ያህል ሽቅብ ነው። ዳርና ዳሩ ላይ ልጆችና እናቶች ትንንሽ የደንገል ታንኳ፣ የአንገት መስቀልና ሰሌን ዘርግተው ይሸጣሉ። ጦጣ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ይዘላል። ቤተ ክርስቲያኑ እንደ አብዛኞቹ የጣና አብያተ ክርስቲያናት ክብ ሲሆን ውስጡ በሦስት ይከፈላል፤ ውጪያዊው ዙር ቅኔ ማኅሌት፣ ቀጥሎ ቅድስት፣ መካከሉ አራት ማዕዘን መቅደስ። ጎብኚ ጫማውን አውልቆ የሚገባው እስከ ቅድስት ነው፤ ወደ መቅደስ የሚዘልቁት ካህናት ብቻ ናቸው። የመቅደሱ የውጪ ግድግዳ ግን ከወለል እስከ ጣሪያ በሥዕል ተሸፍኗል። ሥዕሎቹ በጨርቅ ላይ ተሥለው በግድግዳው ላይ የተለጠፉ ናቸው፤ ጠጋ ብሎ የሚያይ ሰው የጨርቁን መጋጠሚያና የተላጠውን ጠርዝ ይለያል። አንድ መሪጌታ ወይም አስጎብኚ በረዥም ዘንግ እየጠቆመ ሲተርክ ግድግዳው እንደ መጽሐፍ ይነበባል፦ እዚህ ቅዱስ ጊዮርጊስ ደራጎኑን ሲወጋ፣ እዚያ ስደተ ማርያም፣ ከታች ደግሞ የሰማዕታት መከራ።

ከእነዚህ ሥዕሎች አንዱ ቆም ተብሎ ሊታይ ይገባል። በላዔ ሰብእ ነው። 78 ሰው የበላው ይህ ሰው በእመቤታችን ስም ለለመነው ለምጻም ጥርኝ ውኃ ያጠጣል፤ ሲሞት ኃጢአቱ በአንድ ሚዛን፣ ጥርኝ ውኃው በሌላው ይቀመጣል፤ እመቤታችን ጥላዋን ስታሳርፍበት ውኃው ይመዝናል። ሠዓሊው ሚዛኑን፣ ጥላውን፣ ተቆርጠው የተቀመጡትን እጅና እግር ሁሉ አልተወም። ሠዓሊዎቹ ቅዱሳኑን በሁለት ዓይን ፊት ለፊት፣ ክፉዎቹን በአንድ ዓይን በጎን የመሣል ልማድ ስለነበራቸው ማን ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለማወቅ ንባብ አያስፈልግም። ታሪኩ ከኪዳነ ምሕረት በዓል ጋር የተሳሰረ ነውና የካቲት 16 ቀን ኡራ በምእመናን ትጥለቀለቃለች። በዚያን ቀን ለማንገሥ የመጣ ይደሰታል፤ ሥዕል በጸጥታ ለማየት የመጣ ግን ሌላ ቀን ቢመርጥ ይሻለዋል።

ብዙ ጎብኚ እዚህ ላይ አንድ ስህተት ይሠራል፤ በአንድ ጠዋት አራትና አምስት ገዳም ለማዳረስ ይሞክራል። አዝዋ ማርያም ከኡራ ቅርብ ስለሆነች አብራ ትታያለች፤ ከዚያ በላይ መጨመር ግን ሥዕሎቹን አደበላልቆ ከሰዓት በኋላውን ያባክናል። ዘና ለማለት የወጣ ሰው ሁለት ቦታ አይቶ፣ አንድ ቡና በዘጌ ጥላ ሥር ጠጥቶ ቢመለስ በቂው ነው። የሩቆቹ ደሴቶች ራሳቸውን የቻለ ቀን ይፈልጋሉ። ዳጋ እስጢፋኖስ የአፄ ይኩኖ አምላክ፣ የአፄ ዳዊት፣ የአፄ ዘርዐ ያዕቆብና የአፄ ፋሲል አፅም እንዳረፈባት የሚነገር ስትሆን በመስታወት ሣጥን ውስጥ ያለው አፅም ለጎብኚ ይታያል፤ እርሷም ለወንዶች ብቻ ናት። ጣና ቂርቆስ ታቦተ ጽዮን አክሱም ከመግባቷ በፊት 800 ዓመት እንደተቀመጠችባት በትውፊት ይታመናል። ከደሴቶቹ ሁሉ ትልቁ በሆነው በደቅ ላይ ደግሞ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ አለ፤ በግድግዳው ላይ እቴጌይቱ ራሳቸው በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ናርጋ ሴቶችም ይገቡበታል።

ከዘጌ ሲመለስ ጀልባው ከታንኳዎች ጋር መገናኘቱ አይቀርም። ታንኳ ከደንገል የሚሠራ ነው። በሐይቁ ዳር የበቀለው ደንገል ታጭዶ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ በእስር በእስር እየታሰረ አፍንጫው ወደ ላይ ይቆለመማል፤ ውስጡ ሰው ከውኃ ከፍ ብሎ የሚቀመጥበት ሌላ የደንገል ንጣፍ ይደረግበታል። በዚህ ሥራ ስማቸው የሚነሳው ነገደ ወይጦ ናቸው። ታንኳው ውኃ እየመጠጠ ስለሚከብድ ከጉዞ በኋላ ዳር ወጥቶ ይደርቃል፤ ይህም ሆኖ ዕድሜው ከጥቂት ወራት አይዘልም። ያለ ምስማርና ያለ ሳንቃ የሚሠራው ይህ ጀልባ ግን ማገዶና ጭነት ከባድ ሞገድ ባለበት ሐይቅ ላይ ያሻግራል፤ ሲገለበጥም አይሰምጥም። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 የጥንት ግብፃውያን በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ሊሻገሩ ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ‹ራ› የተባለውን ጀልባ ሲያሠራ ደንገሉን ያስመጣው ከጣና ነበር። የጣና ደንገል ከሞሮኮ ወደብ ተነስቶ ውቅያኖሱን ሊያቋርጥ ጥቂት ሲቀረው ጀልባው ተበታተነ፤ በማግስቱ ዓመት የተሠራው ‹ራ ሁለት› ግን ባርቤዶስ ደረሰ።

በመንገድ ላይ ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት አፍ ጠጋ ማለት ይቻላል። ጉማሬ አብዛኛውን ጊዜ በዚያ አካባቢ ይታያል፤ ባለ ጀልባው ከሩቅ ሞተር ዝቅ ካደረገ ጨዋ ባለሙያ ነው፤ ለፎቶ ብሎ ከተጠጋ ግን ማስቆም ያስፈልጋል። ንሥር በየድንጋዩ ላይ ቆሞ ዓሣ ይጠብቃል። በሐይቁ ሰሜናዊና ምሥራቃዊ ዳርቻ ደግሞ ከ2004 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ የታወቀው እምቦጭ አረም ሲያሻው እየሰፋ፣ ሲነቀል እየቀነሰ አለ። ከደቡብ ዳር የሚነሳ ጎብኚ እምብዛም ላያየው ይችላል፤ በፎገራና በደንቢያ ያለ ዓሣ አስጋሪ ግን መረቡን የሚጥልበትን ቦታ ያሳጣው እሱ ነው።

ምሳ ዓሣ ነው። ቀረሶ ሙሉውን ተጠብሶ በአዋዜና በሎሚ ይቀርባል፤ አምባዛ ይበልጥ ለጉላሽ ይመረጣል። እሾህ የሚፈራ ሰው ዓሣ ዱለት ቢያዝ ይገላገላል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው የቆየ ክርክር እዚህ በዓሣው አገርም አልበረደም፤ አስተናጋጁ በጾም ወቅት ሁለቱንም ወገን የሚያስተናግድበት ምግብ አለው፤ ሽሮም ዓሣም።

ከሰባት ሰዓት ተኩል እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ ወደ ጢስ ዓባይ መነሳት ተገቢ ነው። መንገዱ በአንድ ሰዓት ገደማ ያደርሳል። ትኬትና አስጎብኚ ከትንሿ ከተማ ይያዛል፤ ከዚያ በእግር ነው። መንገዱ ወደ ሸለቆው ወርዶ የጥንቱን የድንጋይ ድልድይ ያሻግራል። ድልድዩ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራ ሲሆን የፖርቱጋሎች ድልድይ እየተባለ ይጠራል። ከሥሩ ዓባይ ከጠባብ ዐለት መካከል እየተንደረደረ ያልፋል፤ ይህ ሁሉ የጎጃም ወንዝ በዚህች ቀጭን ቀዳዳ ማለፉ ከፏፏቴው ባልተናነሰ ያስደንቃል። ከድልድዩ ኮረብታውን ወጥቶ ከመንደሩ ቤቶችና ከማሽላ ማሳ መካከል ሲኬድ የውኃው ድምፅ ቀድሞ ይሰማል።

ጢስ ዓባይ እንደ አካባቢው ልኬት ከ37 እስከ 45 ሜትር ቁመት አለው፤ ሲሞላ ስፋቱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። ለአሥርት ዓመታት ሲዘዋወር በኖረው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ የታተመው ይኸው ፏፏቴ ነበርና መልኩን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፤ ብዙ ሰው የሚያዝነውም በዚህ ምክንያት ነው። በኖቱ ላይ የነበረው ሰፊ የውኃ መጋረጃ ዓመቱን ሙሉ አይገኝም። ውኃው ሙሉ ሆኖ በሚወርድበት ወቅት እርጥበቱ አየር ላይ እንደ ጉም ይንሳፈፋል፤ በዙሪያው ያለው ሣርና ዛፍም ለምለም ነው። ፀሐይ ከተመልካቹ ጀርባ ሆና ዝቅ ስትል ደግሞ ቀስተ ደመና በጉሙ ውስጥ ይወጣል። ለዚህም እኩለ ቀን ሳይሆን ጠዋት ወይም አመሻሽ ይሻላል።

የውጭ አገር ተጓዦች ስለዚህ ፏፏቴ የተጨቃጨቁበት ታሪክም አለ። ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ጄሮኒሞ ሎቦ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጽፎ በተወው ዘገባ ከሚወርደው ውኃ ጀርባ ባለ ዐለት ላይ ተቀምጦ በውኃው መጋረጃ ውስጥ አሳልፎ እንደተመለከተ ይተርካል። እ.ኤ.አ. በ1770 እዚያ የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ይህን ሲያነብ ውሸት ነው ብሎ አጣጣለው፤ የውኃውን ጉልበት ለተመለከተ ሰው መጠራጠሩ አያስገርምም። ሆኖም ሎቦ የመጣው በበጋ ከነበረ፣ ዓባይ በሚቀንስበት ወቅት፣ ከዐለቱ ሥር መግባት የማይታሰብ አይደለም። ሁለቱ ሰዎች ምናልባት የተጣሉት በአንድ ፏፏቴ ሁለት ወቅቶች ላይ ነው።

ዛሬ ወቅቱን የሚወስነው ዝናብ ብቻ አይደለም። ከፏፏቴው አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫ 11.4 ሜጋ ዋት ብቻ ስለነበር የወሰደው ውኃ ብዙም አልታወቀም። እ.ኤ.አ. በ1996 ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በጨረጨራ ላይ የውኃውን መጠን የሚቆጣጠር በር ያለው ግድብ ተሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጢስ ዓባይ ሁለት ተጨመረ። ውኃው ከፏፏቴው በላይ ተጠልፎ በቦይ ወደ ማሽኖቹ ስለሚሄድ ገደሉ በበጋ ተራቁቶ ቀጭን ክር ሆኖ የሚታይባቸው ወራት መጡ። እ.ኤ.አ. በ2010 የተመረቀው ጣና በለስ ነገሩን ሌላ መልክ አስያዘው። እርሱ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ውኃውን ከሐይቁ ምዕራባዊ ዳር በዋሻ እየሳበ ወደ በለስ ወንዝ በመልቀቅ ነው፤ በዚያ በኩል የሄደ ውኃ በጢስ ዓባይ አያልፍም። ለጎብኚው ይህ ኪሣራ ነው፤ ማታ መብራት የሚያበራው የቦሌ ነዋሪ ግን የዚያው ውኃ ተጠቃሚ ስለሆነ ቅሬታውን ሲያሰማ ትንሽ ማሰብ ይኖርበታል።

ስለዚህ ወር መምረጥ ግድ ነው። ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ጥቅምት ማብቂያ ዓባይ በርትቶ ይወርዳል፤ ከእነዚህም መስከረም ማብቂያና ጥቅምት የተሻሉ ናቸው፤ ዝናቡ አባርቶ፣ መንገዱ ደርቆ፣ ሐይቁ ሞልቶ፣ ገደሉም ሙሉ ሆኖ ይገኛል። ነሐሴ ላይ ፏፏቴው ጉልበቱ ቢበረታም ውኃው ከደጋ የታጠበ አፈር ይዞ ቀይ ቡናማ ነው፣ የእግር መንገዱም ያዳልጣል። ከጥር እስከ ግንቦት የሚሄድ ሰው ፏፏቴ ማየቱን ተስፋ ሳያደርግ ለገዳማቱና ለወፎቹ ቢሄድ አይቆጭም። ጥምቀትን በባሕር ዳር ለማክበር የሚመጣ ሰውም ይህን አውቆ ይምጣ።

አሸዋማ ባሕር ዳርቻ ያሰበ ሰው ጣና ላይ አያገኘውም። ዳርቻው ደንገል፣ ጥቁር ድንጋይና ረግረግ ነው። መዋኘትም አይመከርም፤ በጣና ዙሪያ ብልሃርዝያ የታወቀ በሽታ ሲሆን ተውሳኩ በቀንድ አውጣ አማካይነት በውኃው ውስጥ ተራብቶ ቆዳ ሰንጥቆ ይገባል። ለመዋኘት የሚፈልግ ሰው ከብልሃርዝያ ነፃ በመሆኑ የሚታወቀው ላንጋኖ ይሻለዋል፤ ነጭ አሸዋና ጨው ባሕር ካልሆነ የማይለው ደግሞ ከቦሌ በቀጥታ ዛንዚባር የሚወስደው አውሮፕላን አለ፤ ዛንዚባር ላይ ግን እንዲህ ያለ ፏፏቴ አይጠብቀውም። ወባም አይዘነጋም። ከዝናብ ማብቂያ በኋላ ያሉት ወራት፣ ፏፏቴው በሚያምርበት ጊዜ፣ የወባ ትንኝ የሚበዛበትም ነው፤ ባሕር ዳር የሚያድር ሰው ረጅም እጅጌ ልብስና አጎበር ያስፈልገዋል።

ከ2015 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የቆየው ግጭት ደግሞ ይህን ጉዞ ከሁሉም በላይ የሚወስን ሆኗል። የባሕር ዳር የጀልባ ነጂዎች፣ አስጎብኚዎችና የሐይቅ ዳር ሆቴሎች ጎብኚ በማጣት ተጎድተዋል። ከተማው ውስጥና ሐይቁ ላይ ያለው ሁኔታ ከከተማ ወጣ ካለው መንገድ ጋር አንድ ላይሆን ስለሚችል በተለይ ወደ ጢስ ዓባይ ከመውጣት በፊት በዚያው ቀን ከሆቴሉና ከአካባቢው ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል። ጥርጣሬ ካለ ፏፏቴውን ለሌላ ጊዜ ትቶ ከሰዓት በኋላውን በቤዛዊት ኮረብታ ላይ ማሳለፍ ይቻላል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ያሠሩበት ይህ ኮረብታ ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ ወደ ደቡብ ሲጠመዘዝ ከላይ የሚታይበት ነው፤ አመሻሹ ላይ ጉማሬዎቹ ከወንዙ ሲወጡ ከዚያ ማየት ይቻላል።

በዕለቱ ወደ ቦሌ መመለስ የሚቻለው የማታ በረራ ሲኖር ነው፤ የበረራ ሰዓት ደግሞ ስለሚቀያየር ትኬቱን ሲቆርጡ ማረጋገጥ ይገባል። ሰዓቱ ቢገጥምም እንኳ ከጢስ ዓባይ ተጣድፎ አየር ማረፊያ መግባት ቀኑን ያስቸኩለዋል። ባሕር ዳር አድሮ በማግስቱ ጠዋት የሚመለስ ሰው ለአንድ ሌሊት ሆቴል ይከፍላል፤ በምትኩ ፏፏቴውን አመሻሹ ላይ ማየትና የሐይቁን ዳር መንገድ በእግር መጓዝ ይችላል። ሁለተኛ ቀን ያለው ከሆነ ማልዶ ወደ ዳጋና ናርጋ የሚያደርሰውን ጀልባ ይዞ ይነሳል፤ እነርሱ ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ የውኃ ጉዞ ስለሚጠይቁ ከእኩለ ቀን በኋላ በሚነሳው ነፋስ ሳይያዙ ለመመለስ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት መነሳት ያስፈልጋል።